ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ ሲገቡ፦ በደሴ የአንድ ግቢ የምግብ አገልግሎት የጉዳይ ጥናት

ሰኞ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዐቢይ ጾምን፣ ሙስሊሞች ደግሞ የ1445 ዓመተ ሂጅራን የረመዳን ጾም እኩል ጀመሩ። በደሴ ብዙ ሰው ይህን እንደ በጎ ምልክት አይቶ ተነጋግሮበታል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ሲጾም አብሮ መኖር ይበልጥ ይጣፍጣልና። በከተማው በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ውስጥ የምግብና የመኝታ ጉዳዮችን ከሚያስተባብሩት ሠራተኞች አንዱ ለነበርኩት ለእኔ ግን ያ ሰኞ ከወር በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ቀን ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሰኞ አንስቶ ረመዳን እስከተፈጸመበት እስከ ሚያዝያ 1 ድረስ በነበሩት 30 ቀናት በግቢው ካፌ ምን እንደታቀደ፣ ምን እንደተበላሸና በምን እንደተስተካከለ ይመረምራል። ተቋሙንም ሆነ ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ግን ከእኔ ጠረጴዛ የወጡ መሆናቸውን ከወዲሁ መናገር ይገባኛል።

የጉዳዩ መነሻ

ስለ ተማሪዎች አገልግሎት ሲወራ ክበባት፣ የስፖርት ውድድር፣ የምክር አገልግሎትና የአዲስ ገቢዎች አቀባበል ቀድመው ይነሳሉ። በመንግሥት ግቢ ውስጥ ለሠራ ሰው ግን የአገልግሎቱ እምብርት ካፌው ነው። ተማሪው የተማሪዎች ዲኑን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው ይችላል፤ በካፌው በር ላይ ተቀምጦ በምግብ መታወቂያው (በሚል ካርዱ) ላይ ምልክት የሚያደርግለትን ቲከር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ያየዋል። ተቋሙ ያከብረው ወይም ይንቀው እንደሆነ ተማሪው የሚፈርደው በአብዛኛው ከዚያ በር ላይ ሆኖ ነው።

ምግቡም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስጦታ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የምግቡና የመኝታው ወጪ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በሚከፍለው ዕዳ ላይ ይመዘገባል። ስለዚህ ጾመኛ ሆኖ ቁርስ ያልበላ ተማሪ ያልበላውን ቁርስ ዕዳ ሊከፍል ነው ማለት ነው፤ ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ላይ በስብሰባ ተነስቶ ብዙ ክርክር አስነስቷል። በዚያ ዓመት ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው የምግብ በጀት 22 ብር ሲሆን፣ ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 7 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሰዋል። በዚህ ገንዘብ እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦና ሻይ ማቅረብ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የማያውቅ ሰው የግቢ ምግብን ባይተች መልካም ነው።

ከሕግ አኳያ ያለንበት ቦታ ጠባብ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከማናቸውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። በሌላ በኩል አንቀጽ 27 እያንዳንዱ ሰው የሃይማኖትና የእምነት ነጻነት እንዳለው ያረጋግጣል። ተቋሙ ለየትኛውም እምነት የአፍጥር ግብዣም ሆነ የፍስክ ድግስ ማዘጋጀት አይችልም፤ ተማሪው በመጾሙ ምክንያት እንዲራብ ማድረግም አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የምግብ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ቀድመን ብናስተውለው ኖሮ ከምተርከው ችግር ግማሹ ባልደረሰ ነበር።

የጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ሁለቱ ጾሞች መቀራረብ የጀመሩት ቀደም ብለው ነበር። በ2014 ረመዳን የገባው መጋቢት 24፣ በ2015 ደግሞ መጋቢት 14 ሲሆን፣ በሁለቱም ዓመታት ሁዳዴ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ስለነበር ካፌው የሁዳዴውን አሠራር ካደላደለ በኋላ የረመዳኑን በላዩ ይደርብ ነበር። በ2016 ግን የመደላደያ ጊዜ አልነበረም፤ ሁለቱም በአንድ ሰኞ ማለዳ በሩን አንኳኩ።

ቅጹ

በየካቲት ወር ወጥ ቤቱ ለእያንዳንዱ ማዕድ ምን ያህል ሰው እንደሚጠብቅ ለማወቅ አንድ ቅጽ አዘጋጀሁ። ቅጹ በየመኝታ ሕንጻው (ብሎኩ) በፕሮክተሮች፣ ማለትም በዶርም ተቆጣጣሪዎች፣ በኩል የሚሞላ ሆኖ የተማሪውን ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥርና ሃይማኖት የሚጠይቅ ነበር። በተሞላው ቅጽ መሠረት ሚል ካርዶቹ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ማኅተም እንዲደረግ ታቀደ፤ አንዱ ለረመዳን ጿሚ፣ አንዱ ለሁዳዴ ጿሚ፣ ሦስተኛው ለሌሎች። በወረቀት ላይ ሲታይ ንጹህ ሥራ ነበር፤ የስብሰባው አባላትም አመስግነውኝ ነበር።

ቅጹ ወደ ብሎኮቹ በገባ በሁለተኛው ቀን ግን ወሬው ከቅጹ ቀድሞ ሄደ። ደሴ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 መጨረሻ በጦርነት እጅ የቆየች ከተማ ናት፤ በዚያ ወቅት ግቢ ውስጥ የነበሩ ወይም ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው የነበሩ ተማሪዎች አሁንም ከእኛ ጋር ነበሩ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በጥር 2016 ለተጨማሪ 4 ወራት ተራዝሞ በሥራ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰውን ስም፣ የሚተኛበትን ክፍልና ሃይማኖቱን በአንድ መስመር ጽፎ የሚሰበስብ ወረቀት ለወጥ ቤት ነው ቢባል ማን ያምናል? ከፊሉ ተማሪ የሃይማኖት ዓምዱን ባዶ ተወው፤ ከፊሉ ቀለደበት፤ ፕሮቴስታንት ተማሪዎች ደግሞ «ሌላ» በሚል ስም መጠራታቸውን በጽሑፍ ተቃወሙ። እውነት ነበራቸው።

ያን ጊዜ ቅጹን መሰብሰብ አቆምን እንጂ አላነሳነውም፤ ይህም ሁለተኛው ስህተት ነው። ግማሽ የተሞላ ቅጽ ይዘን፣ የጎደለውን በግምት ሞልተን፣ ማኅተሙን ለፈቀደው ብቻ መትተን ወደ መጋቢት ገባን። ወጥ ቤቱ የተቀበለው ቁጥር ቆጠራም ያልሆነ፣ ግምትም ያልሆነ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት

እሑድ መጋቢት 1 የሁዳዴ ቅበላ ነበር። ክርስቲያን ተማሪዎች ለ55 ቀናት የሚሰናበቱትን የሥጋ ወጥ በዕለቱ እራት ላይ አቀረብን። በዚያው ምሽት ጨረቃ ከታየች ሌሊቱን ሱሁር፣ ማለትም ጿሚ ከንጋት በፊት የሚበላውን ምግብ፣ ማቅረብ ነበረብን፤ ካልታየች የተዘጋጀው ለማግስቱ ይተርፋል። የወጥ ቤት ሠራተኞች የእራት ድስት እያጠቡ የሬዲዮና የስልክ ወሬ ይጠባበቁ ነበር፤ ዜናው ሲደርስ ከእነሱ ውስጥ ወደ ቤት ሄዶ ለመመለስ ጊዜ ያለው አልነበረም። ያደሩት እዚያው የዳቦ ጆንያ ላይ ነው።

ካፌው በወትሮው ቁርስ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡00፣ ምሳ ከ5፡30 እስከ 7፡00፣ እራት ከ11፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00 ያቀርባል። ደሴ ላይ በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12፡30 ትንሽ አለፍ ብሎ ሲሆን በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ የረመዳን ጿሚዎች በሙሉ እራት ሊዘጋ 25 ደቂቃ ያህል ሲቀረው በአንድ ጊዜ በር ላይ ይደርሳሉ። ሰልፉ ከካፌው በር አልፎ እስከ ዶርሞቹ መንገድ ድረስ ይዘልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሰው በብርድ ተሰልፎ አዛን ሲሰማ ማየት ለሥራው ኃላፊ የሚያኮራ አይደለም። ከአፍጥር በኋላም ወደ መስጊድ ለተራዊህ፣ ለረመዳን የሌሊት ሶላት፣ መሄድ አለ፤ ከእሱ የሚቀድመው የዒሻ ሶላት ሰዓት ምሽት 1፡45 አካባቢ ነውና፣ በሰልፍ የዘገየ ወይ ሶላቱን ወይ እራቱን ይተዋል፤ የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት ደግሞ ከኋላው ይገፋዋል።

ሱሁር ሌላ ፈተና ነበር። የንጋቱ ወቅት በወሩ መጀመሪያ ከሌሊቱ 11፡15 አካባቢ የሚገባ ሲሆን ወደ ወሩ መጨረሻ በሩብ ሰዓት ያህል ይቀድማል። ይህን ልዩነት ሳናሰላ በሰሌዳ ላይ አንድ ቋሚ ሰዓት ለጥፈን ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎች መጥተው ሰዓቱን ራሳቸው አርመውልናል።

የሁዳዴ ጿሚዎች ችግር ግን ድምፅ አልነበረውም። ብዙዎቹ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ካፌው ምሳ የሚዘጋው 7 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 11 የሚዘልቅ ትምህርት ወይም ቤተ ሙከራ አለ። ስለዚህ ተማሪው በ6 ሰዓት ምሳውን በምሳ ዕቃ ተቀብሎ ዶርም ያስቀምጣል፤ ከትምህርት ሲመለስ በ11 ሰዓት የረጋ ሽሮና የደረቀ እንጀራ ይበላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለተቀመጠች፣ በመጋቢትም የበልግ ደመና ለሚያንዣብብባት ለደሴ፣ አምስት ሰዓት የቆየ ወጥ ምን እንደሚመስል መግለጽ አያስፈልግም። ይህን ተማሪዎቹ ለዓመታት እንደ ጾሙ አካል ቆጥረው ዝም ብለዋል፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ እርካታ ቆጥረነዋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቢሮ የመጡት ቅሬታዎች አንድ የሚገርም ጠባይ ነበራቸው። ሙስሊሙ ተማሪ ለክርስቲያኑ ሰፊ የምሳ ሰዓት ተሰጥቶታል ይላል፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ለሙስሊሙ ልዩ ሱሁር ተዘጋጅቶለታል ይላል። እያንዳንዱ የሌላውን ምቹ ሰዓት አይቷል፤ የሌላውን መጥፎ ሰዓት ያየ የለም፤ አንዱ ሲራብ ሌላው በዶርም ነውና። ወደ ሃይማኖት ጠብ ሊያድግ የሚችል ነገር እየተጠራቀመ ነበር፤ ሥሩ ግን በሰሌዳው ላይ በተለጠፉት ሦስት የሰዓት መስመሮች ውስጥ ነበር።

ወጥ ቤቱ የሚያውቀው

በሰባተኛው ቀን ከስብሰባ በፊት ወጥ ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ በትክክል አላስታውስም፤ ምናልባት ከስብሰባው ለመዘግየት ምክንያት ፈልጌ ይሆናል። በቤቱ ረጅም ዘመን ያገለገሉትን ዋና ወጥ ሠሪ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸውን፣ የትኛው ድስት ለየትኞቹ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። «ልጄ፣ ወጡማ አንድ ነው» አሉኝ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ድንቹ ለሁሉም የሚሆን መሆኑን፣ እኛ በቅጽ የለየነውን እሳቸው በድስት እንዳልለዩት አስረዱኝ። ሁዳዴ ስለገባ ቅቤና ሥጋ የሌለበት ወጥ ዋናው ማዕድ ሆኗል፤ ሙስሊሙም ያንኑ ይበላል። እሳቸውን የቸገራቸው የሰዎቹ ዓይነት ሳይሆን ያው ወጥ በቀን ስንት ጊዜ መሞቅና መቼ መድረስ እንዳለበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ከማንኛውም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የበለጠ ጠቅሞኛልና። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ክክና ባቄላ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ለምሳ ተጥዶ ያለቀን ድስት ለ9 ሰዓት እንደገና መጣድ አይቻልም። የሚቻለው በጠዋት አብዝቶ መጣድ፣ ሁለቱን በተለያየ ጊዜ ማውጣትና የሁለተኛውን በፍም ላይ ማቆየት ነው። የእንጀራው ሊጥ ደግሞ ቀድሞ የሚቦካ ስለሆነ የዛሬ ውሳኔ እንጀራው ላይ የሚታየው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ቢሮው በየቀኑ ቁጥር ሲቀያይር ሊጡ ግን አይቀያየርም።

በዚሁ ወሬ መካከል አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ተነሳ። ከወጥ ሠሪዎቹ ገሚሶቹ ረመዳንን፣ ገሚሶቹ ሁዳዴን ይጾሙ ስለነበር ጠዋት የሚሠራውን ወጥ ጨው የሚቀምስ ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ወጥ አንድ ቀን ጨው የበዛበት፣ በማግስቱ አልጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ተማሪዎቹ በቅሬታ ሳጥን ውስጥ እንደጻፉት በግዴለሽነት አይደለም። መፍትሔውንም ራሳቸው አገኙት፤ የሌሊቱን ድስት ሙስሊሞቹ ይቀምሳሉ፤ ለጠዋቱ ድስት በሥራ ምደባው ላይ የማይጾም ሰው ይመደባል፤ እሱ በሌለበት ቀን ደግሞ የቢሮ ሰው ይጠራል። እኔም ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ቀምሻለሁ።

በዚያው ሰሞን ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባልደረባዬን በስልክ አማክሬው ነበር። እሱ የሱሁሩን ምግብ ከእራት ጋር አብሮ በማደል የሌሊት ሥራን አስቀርቶ ነበር፤ የእሱ ጭንቀት ምግቡ በሙቀቱ እንዳይበላሽ ነው፤ የእኛ ግን ሌሊቱን በብርድ እንዳይረጋ። ይህን አማራጭ የተውነው በብርዱ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ምግቡን ለማሞቅ በድብቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ዶርም ማስገባቱ ስለማይቀርና የዶርሞቹ የመብራት መስመር ያንን ስለማይሸከም ጭምር ነው።

አምስት ሰዓት፣ ሦስት ምልክት

ስብሰባው ላይ ይዤ የገባሁት ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነበር። ካፌው በቀን አምስት ጊዜ ይከፈታል፦ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ከ9 እስከ 10 ሰዓት፣ በፀሐይ መጥለቂያ ጊዜና ሌሊት። ማንኛውም ተማሪ፣ የማንም እምነት ተከታይ ይሁን፣ በአምስቱ ውስጥ የፈለገውን እስከ ሦስት ድረስ ይመርጣል፤ የሚል ካርዱም ሦስት ምልክት እስኪሞላ ድረስ ይሠራል።

ተቃውሞው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። የፋይናንስ ሰዎች የተፈቀደው የምግብ ዝርዝር ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚል ስለሆነ ኦዲተር ቢመጣ «የሌሊት ማዕድ» የሚለውን ምን እንደምንለው ጠየቁ። ይህ ተራ ግትርነት አይደለም፤ በመንግሥት ገንዘብ ላይ የፈረመ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ አንድ ዳቦ ሊጠየቅ ይችላልና። ስያሜውን ሳንነካ የአቅርቦት ሰዓቱን ብቻ በማኔጅመንት ቃለ ጉባኤ አስለወጥን፤ ሱሁር በሰነድ ላይ ከቁርስ ሰዓት በፊት የሚቀርብ ቁርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ዕዳው ነበር። ረመዳንን የሚጾም ተማሪ በቀን የሚበላው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁዳዴን የሚጾምም ቁርስ አይበላም፤ ለሦስት ማዕድ ግን ዕዳ ይመዘገብበታል። የተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች የሦስተኛው ድርሻ በቴምርና በሾርባ እንዲካካስ ጠየቁ። ቴምር በጨረታ ከተገዙት ዕቃዎች ውስጥ ስላልነበረ ተቋሙ ሊገዛው አልቻለም፤ ቴምሩን ተማሪዎቹ አዋጥተው፣ ከተማ ያሉ ነጋዴዎችም ረድተዋቸው በራሳቸው አመጡ። ካፌው የሰጠው በውል ውስጥ ያለውን ነው፤ ሁለት ምልክት ብቻ ለሚጠቀም ተማሪ፣ ለሱሁርም ይሁን ለ9 ሰዓቱ ማዕድ፣ ተጨማሪ ዳቦና ተጨማሪ እንጀራ ይሰጠዋል። 22 ብሩን ለሦስት ሳይሆን ለሁለት ብናካፍለው ለአንድ ማዕድ 11 ብር ይደርሳልና ሒሳቡ ይዘጋ ነበር። ደንቡ ለሁለቱም ጾመኛ አንድ ዓይነት መሆኑ ከገንዘቡ በላይ ጠቅሟል።

ሥጋው እንደ ወትሮው በተለየ ማብሰያና በተለየ ዕቃ ይቀርብ ነበርና አላከራከረም። የማይጾሙት ተማሪዎች ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተረስተው ነበር፤ ሁሉም ይጾማል በሚል መንፈስ የቁርሱ እንቁላል ሳናውቀው ከዝርዝር ወጥቶ ቆይቶ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ።

የቲከሩ ጥያቄ

አሠራሩ ከተለወጠ በኋላ እንኳ በምሳ ሰዓት ከሚጠበቀው ያነሰ ሰው ይመጣ ነበር። ምክንያቱን የነገረችን በግቢው ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። የጨጓራ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስዱ፣ ስኳር ያለባቸው ተማሪዎች ሳይበሉ እየዋሉ ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ። ሲጠየቁ መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ ቲከሩ ካርዳቸውን አይቶ ወይም ስማቸውን ሰምቶ «አንተ አትጾምም እንዴ?» ይላቸዋል። ሰልፉ ውስጥ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ይሰማል።

ቲከሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኛ የመታንለትን ባለቀለም ማኅተም ነው ያነበበው። በሁለቱም እምነት ሕመምተኛ ከጾም የሚፈቀድለት መሆኑን፣ ሙስሊም ሴቶችም በወር አበባቸው ጊዜ እንደማይጾሙና ይህን በሰልፍ መካከል ለማንም ማስረዳት እንደማይገባቸው ቅጹን ስሠራ አላሰብኩትም። አንዲት ተማሪ ለቀናት ምሳ ሳትበላ የቆየችው በረሃብ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ምክንያት መሆኑን ስሰማ፣ በየካቲት ያዘጋጀሁት ቅጽ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ማኅተም ያለባቸው ካርዶች በሙሉ ተሰብስበው በአዲስ ተተኩ፤ የተሞሉት ቅጾችም በተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች ፊት ተቀደዱ። ለቲከሮች የተሰጠው መመሪያ አንድ መስመር ነው፦ ሦስት ምልክት ያልሞላ ካርድ ምንም ሳይጠየቅ ይገባል። ስለ ቆጠራውስ? ወጥ ቤቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራው በየሰዓቱ የተደረገውን ምልክት በማየት ነበር፤ ያለፈው ማክሰኞ ምልክት ለመጪው ማክሰኞ ከቅጹ ይልቅ የታመነ ግምት ሆነ። ማን ምን እንደሚያምን ሳይጠየቅ ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚበላ ታወቀ። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ እንችል ነበር።

ሌሊቱ

የሌሊቱ ማዕድ ከካፌው ውጭ ብዙ ሥራ አስከተለ። ከሴቶች ብሎክ እስከ ካፌው ያለው መንገድ ከፊሉ መብራት አልነበረውም፤ ሁለት ፕሮክተሮችና አንድ ጥበቃ በዚያ መስመር ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እንዲቆሙ ተመደበ። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ሴቶቹ በቡድን ይመጡ ነበር። ቀሰቀሳው ለማይጾሙት ረብሻ እንዳይሆን በደወል መሆኑ ቀርቶ በዶርም ጓደኛ ሆነ፤ ይህንንም ተማሪዎቹ ራሳቸው አደራጁት፤ በብዙ ክፍሎች የሚቀሰቅሰው የማይጾመው ልጅ ነበር፤ ለፈተና ሲያጠና የሚያመሸው እሱ ስለነበር ነው። የግቢው በር ለተራዊህ ሰዓት በግማሽ ሰዓት እንዲዘገይ ከጸጥታ ክፍሉ ጋር ተስማማን። ከዚያ በላይ ማርዘም በጊዜው አልተቻለም፤ ተማሪዎቹም ምክንያቱን ስለሚያውቁ አጥብቀው አልጠየቁም።

ዒድ አልፈጥር ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ። የሌሊቱ መስኮት ተዘጋ፤ የ9 ሰዓቱ ግን እስከ ፋሲካ፣ እስከ ሚያዝያ 27 ቀጠለ። በሰሞነ ሕማማት ጿሚዎቹ አምሽተው ስለሚበሉ ወደ 11 ሰዓት ገፋነው፤ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ወጥ ቤቱ አስታወሰን።

ያልተዘጋው

በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ፤ የተማሪው የቀን የምግብ በጀትም በዚያ ዓመት ከ22 ወደ 100 ብር ከፍ ብሎ ነበር። አምስቱ ሰዓቶች ያለ ስብሰባ ተመለሱ፤ ቅጽ አልተበተነም፤ ከትምህርት ክፍሎች ጋር በተደረገ ንግግር የአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ሰዓት ለ9 ሰዓቱ ማዕድ ግማሽ ሰዓት እንዲለቅ ተደረገ። ሁሉም ክፍል አልተስማማም።

ያልተፈታው የወጥ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። በ2016 ሌሊት የሠሩባቸው ሰዓቶች በትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰቡ ወይስ በዕረፍት ቀን ይካካሱ የሚለው ጥያቄ ከእኛ ክፍል ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ወደ ፋይናንስ ሲመላለስ ሁለት ሴሚስተር አለፈ፤ በመጨረሻ ከፊሉ በዕረፍት ተካካሰ፤ ዕረፍቱም የተሰጣቸው ተማሪዎቹ ለክረምት ከሄዱ በኋላ፣ ሥራ ራሱ በቀዘቀዘበት በሐምሌ ነው። ለሌሊት ፈረቃ መጓጓዣ በ2017ም በቋሚነት አልተመደበም። ስለ ተማሪዎች አገልግሎት በየዓመቱ የምንሞላው የአፈጻጸም ሪፖርት ስለ እነሱ የሚጠይቅ ዓምድ የለውም፤ እኔም ባለፈው ዓመት ሪፖርቱን ስሞላ ጉዳዩን የጻፍኩት «ሌሎች ጉዳዮች» በሚለው የመጨረሻ መስመር ላይ ነው።